እጥፍ የተደረገልኝ መድኃኒት

ባሌ ሲሞት ታላቅ እህቱ ከሳሪስ መጥተው አቃቂ እኔ ዘንድ ከረሙ። ልጅ የለኝም፤ ሐዘንተኛ ለብቻዋ አትተውም ተብሎ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። ከአልጋ መነሣት አቅቶኝ ስለነበር ጓዳውንም መድኃኒቴንም እሳቸው ያዙ።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ለድብርቴ በቀን አንድ እንክብል አዞልኛል። ከሳምንታት በኋላ መብላት ጀመርኩ፤ ጸጉሬን አበጠርኩ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ያወራችው ነገር አሳቀኝ። እትዬ ከሽሮው ቀና ብለው፣ የወንድሜ መቃብር ሳይደርቅ ይቺ ጥርሷን ታሳያለች አሏት። ጎረቤቴ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ባሰብኝ። እንክብሉን ጠዋት ጠዋት ከውኃ ጋር ያመጡልኛል፤ እውጣለሁ። ግን ራሴ ይዞራል፣ ጭንቅላቴን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፣ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ሳለቅስ የእትዬ ድምፅ ይለሰልሳል። አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ ያለቅሳሉ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ሳላቋርጥ መውሰዴን ጠየቀኝ፤ አንድ ቀን አላለፈኝም አልኩት። እንግዲያው መጠኑ አንሶዎት ይሆናል ብሎ በቀን ሁለት አደረገው። ቤት ያለው እስኪያልቅ ሁለት ሁለት እንድውጥ፣ ከዚያ ወደ አዲሱ እንዳልፍ ነገረኝ።

በማግሥቱ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ስለቆዩ እንክብሉን ራሴ አወጣሁ። እጄ ረጥቦ ነበርና ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለ። መዳፌ ላይ የፈሰሰው ግራጫ ነው። ከዚህ በፊት ምላሴ ላይ ተከፍቶብኝ ያውቃል፤ ውስጡ ነጭና መራራ ነበር። አሸተትኩት፤ ዕጣን ዕጣን ይላል። እምነት ነው፣ በሽተኛ የሚቀባው የቤተ ክርስቲያን አመድ። ሌላም ከፈትኩ፤ ያው ነው።

ሲመለሱ ጠየቅኋቸው። አልካዱም። ነጠላቸውን እያጠፉ፣

«እምነት ማንን ገደለ?» አሉ።

«መድኃኒቱስ የት ገባ?»

«ሽንት ቤት። ወንድሜ አፈር ለብሶ አንቺ በኪኒን ልትስቂ?»

እንክብሎቹን ይዤ ወደ ሐኪሙ ተመለስኩ። ከፍቶ አያቸው። ያሳመመኝ የመድኃኒቱ በድንገት መቋረጥ ነው አለ፤ አዲሱን ሁለት ሁለት አድርጌ ጀምሬው ቢሆን ሰውነቴ ከባዶ ወደ እጥፍ ይዘል ነበር። ማዘዣውን ቀዶ ከትንሹ መጠን እንደገና አስጀመረኝ። ሳልጠይቀው እንዳልጨምር፣ እንዳላቆምም፣ ከባሰብኝ ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ ነገረኝ። ማን እንዳደረገው ሲጠይቀኝ፣ ቤተሰብ አልኩት።

ስመለስ ባጃጅ ይዤ መጣሁ። ልብሳቸውን በፌስታል አድርጌ ደጅ አስቀመጥኩ።

«የት ሂጂ ነው የምትይኝ?»

«ሳሪስ፣ እትዬ። ቤትዎ።»

ሐዘን ላይ ያለች የባሏን እህት አባረረች ተባልኩ። ለማንም አላስረዳሁም። መድኃኒቱ መሥራት እስኪጀምር ሳምንታት ፈጀ፤ ያን ሁሉ ጊዜ በሬን ያንኳኳ ጥቂት ሰው ነው። የባሌን ሙት ዓመት ሳሪስ አወጡት፤ እኔን አልጠሩኝም። የዚያን ዕለት ጠዋት መድኃኒቴን ውጬ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ።