ረቡዕና ዓርብ የሚወርደው ስኳር

ድመቴ ስኳር አለበት ስል የሚሰማኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። የመኪና መንዳት አሰልጣኝ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ጠባብ ቦታ ላይ ከሰው ጋር ነው የምውለው፤ ስለዚህ ብዙ ተስቆብኛል። አንዷ ተማሪዬ ፍሪሲዮን መልቀቅ እንኳ በቅጡ ሳትችል፣ ታዲያ ሻዩን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዳገት ላይ ደጋግማ ሞተር አጥፍታብኝ ስለነበር፣ አስነሺ ብቻ አልኳት።

ድመቱን ያገኘሁት በዚያችው ማሰልጠኛ መኪና ኮፈን ውስጥ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሞተሩን ላስነሳ ስል ከውስጥ የሚያለቅስ ነገር ሰማሁ። ኮፈኑን ስከፍት ከባትሪው ጎን ግራጫ ግልገል ተወሽቋል። ከዚያ ወዲህ አብረን ኖርን። ሚስት ነበረችኝ፣ ሄደች፤ የእሷን ነገር እዚህ አላነሳም። ማታ በሩን ስከፍት የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር፣ እኔም ከብዙ ሰው ይልቅ እሱን እወደው ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም።

ከገና በኋላ ውሃ ማብዛት ጀመረ። ሳህኑን ጨርሶ ባልዲው ላይ ይንጠለጠላል፣ እየበላም ይከሳል። የእንስሳት ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ የጆሮውን ጫፍ ወጋ አድርጋ በሰው የስኳር መለኪያ ስትለካው ቁጥሩ ከአራት መቶ አለፈ። ጠዋትና ማታ በሰዓቱ ኢንሱሊን መወጋት እንዳለበት፣ ምግቡም ሁልጊዜ አንድ ዓይነትና አንድ መጠን እንዲሆን፣ በመሃል ምንም እንዳይቀምስ ነገረችኝ። መርፌው የሚሰላው በሚበላው ልክ ስለሆነ፣ የሚበላው ዛሬ በዝቶ ነገ ካነሰ ያው መድኃኒት ራሱ ሊገድለው ይችላል አለች። ይህን ሁለት ጊዜ ነው የነገረችኝ፤ እኔም ተማሪዎቼን እንደማስደግማቸው ደግሜ አልኩላት።

የጠዋቱን መርፌ እኔ እወጋለሁ። ማታ ግን ከሥራ ወጥተው የሚማሩ ተማሪዎች ስላሉኝ በሰዓቱ ቤት አልደርስም። ግቢያችን ሁለት በር ብቻ ነው ያለው፣ የእኔና የአንዲት ባልቴት። እማማ ነው የምላቸው። ሳመም አጥሚት ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ የጋዝ ሲሊንደራቸውን አስሞላለሁ፣ የተቃጠለ አምፖላቸውን እቀይራለሁ። እሳቸው ቁስቋም ማርያምን የሚሳለሙ፣ አንድም ጾም የማያልፋቸው ሴት ናቸው፤ እኔ አባቴም እናቴም ጴንጤ ሆነው ያሳደጉኝ ሰው ነኝ። በሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም። እኔ ክርክሬን የምጨርሰው ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ነው።

መርፌውን ከእኔ ቀድመው ለመዱት። የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣት ሳብ፣ ወጋ፣ አበቃ። እኔ ስወጋው ይቧጭረኛል፣ ለእሳቸው ግን እንደ በግ ዝም ይላል። እጅዎ ቀላል ነው ስላቸው የኔ ጴንጤ፣ ያንተ ከብዶ ነው አሉኝ። ትርፍ ቁልፌን ሰጠኋቸው። ቀን ፀሐይ እንዲሞቅ ያወጡታል፣ ማታ መዝኜ ካስቀመጥኩት ሥጋ ሰጥተው ይወጉታል። ሌላ ምንም እንዳይቀምስ ነገርኳቸው፤ ሐኪሟ እንደነገረችኝ ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉ። በአገራችን እሺ ማለት ቃል ኪዳን እንዳልሆነ አውቃለሁ። የማሰለጥነው ተማሪ ሁሉ እሺ እያለ ነው ቦይ ውስጥ የሚገባው። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን አመንኩት።

ስኳሩ አልረጋ አለ። አነዳዱ እንደ ጀማሪ ነበር፤ አንዴ ይፈናጠራል፣ አንዴ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሑድ ሰማይ ይነካል፣ ሰኞም ማክሰኞም እዚያው ነው፣ ረቡዕ ይወርዳል፣ ሐሙስ ተመልሶ ይወጣል፣ ዓርብ እንደገና ይወርዳል። ኢንሱሊኑ መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አዲስ ገዛሁ፤ ሳይሻለው ሲቀር ፋርማሲው ድረስ ሄጄ ያልበደለችኝን ልጅ ተቆጣሁ። እጄን ጠረጠርኩ፣ ሲሪንጁን ጠረጠርኩ፣ የሥጋ ሚዛኑን ጠረጠርኩ። አንድ ያልጠረጠርኩት ሰው ነበር።

በመጨረሻ ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያን ሰሞን ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ነበር ተራችን። ታዲያ ድመቱ ትኩስ ውሃ ሲያገኝ ነው ስኳሩ የሚታጠበው አልኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሮጬ ሄጄ ለእማማ ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝና ይሆናል ልጄ አሉ። በሚቀጥለው ፈረቃ እሳቸው ቱቦውን ይዘው፣ እኔ ጀሪካን እየደረደርኩ፣ ለድመት የሚሆን የተለየ ውሃ አብረን ቀዳን።

ውሃው ምንም አልፈየደም። ሐኪሟ በብዙዎቹ ቀናት የሚወጣውን ቁጥር አይታ መድኃኒቱን ከፍ አደረገችው። ሰኞ ማታ ስለካው ወርዶ አገኘሁት። ረቡዕም ዓርብም ሳይሆን ወረደ። መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ተንበርክኬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ተማሪ ይዤ ዳገት ላይ አነሳስ ሳስተምር ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው። ወድቋል፣ ድረስ አሉኝ። ተማሪውን ከመሪው አስነስቼ እኔ ያዝኩት፤ እንዴት እንደነዳሁ ለማንም አርአያ አይሆንም። ስደርስ ድመቱ በጎኑ ተጋድሞ እግሮቹ ይንፈራገጣሉ፣ ዓይኑ ተከፍቷል ግን አያየኝም። ሐኪሟ ቀድማ ያስተማረችኝን አደረግሁ፤ እማማ ከቤታቸው ማር አመጡ፣ በጣቴ እያነሳሁ ድዱን ቀባሁት። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። «ይኼ መርፌ ነው የፈጀው» አሉ። እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ነው ብዬ ተረዳሁት፣ በልቤም ተቀበልኩት።

አልሞተም። ይዤው ወደ ሐኪሟ በረርኩ፤ ግሉኮስ ስትሰጠው ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። ከመዘንኩት ሥጋ ሌላ ነገር የሚያበላው ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ማንም የለም አልኳት። ስኳሩ የሚወርደው መቼ መቼ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ረቡዕና ዓርብ፣ ውሃ የሚመጣ ቀን አልኩ። ትናንትና ዛሬስ ውሃ መጥቷል ወይ አለችኝ። አልመጣም። አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ በጣቷ እያሻሸች ትንሽ አሰበችና መሳቅ ጀመረች።

«ነነዌ ገብቷል እኮ» አለች። «ድመትዎ ይጾማል እንዴ?»

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል፣ የእርስዎው ግን ሥርዓቱን ጠብቋል ብላ ጨመረችበት። ከዚያ ፊቴን አይታ ሳቋን ተወችና በቀስታ አስረዳችኝ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀን ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ሦስቱ የነነዌ ቀናት ናቸው። አንድ የሚጾም ሰው በፍስክ ቀን ወተት እያጠጣው ነው፤ በጾም ቀን ቤቱ ወተት ስለማይገባ ድመቱም አያገኝም። መድኃኒቱን እኛ ያሰላነው ለወተቱ ነበር። ወተቱ ሁለት ቀን በተከታታይ ሲቀር ያው መርፌ ጣለው። በእኔ ቤት ረቡዕ ከሐሙስ ተለይቶ አያውቅም። ቀኖቹን በቃሌ እያነበነብኩ ትርጉማቸውን ሳላይ ከረምኩ።

ድመቱን በካርቶን አድርጌ ስመለስ የተናደድኩት በወተቱ አልነበረም። ወተትማ ማንም ይሳሳታል። አስቤ አስቤ ያቃጠለኝ ሌላው ነው። ቁጥሩን ሳነብላቸው እማማ ከንፈር ይመጡልኝ ነበር። ከፋርማሲዋ ልጅ ጋር ተጣልቼ ስመጣ አይዞህ ብለውኛል። እጅህ ከብዷል ሲሉኝ ሌሊቱን ብርቱካን ላይ መርፌ ስለማመድ አድሬአለሁ። ለእሳቸው ዝም የሚለውም ቀላል እጅ ስላላቸው አልነበረም፣ ከመርፌው በኋላ ወተት እንደሚከተል ስለሚያውቅ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚሉት ለካ እንዲህ ነው፤ የሚያመው መውደቁ ሳይሆን ኮርቻውን ራስህ መጫንህ ነው።

እማማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ተረፈ ወይ አሉኝ። ተርፏል አልኩና ለድመቱ ወተት ይሰጡት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ጾም ነው እኮ ልጄ።»

ጾም ባልሆነ ቀንስ ስላቸው እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ጠዋት ጠዋት ለራሳቸው ከሚያፈሉት ወተት ትንሽ ቀንሰው፣ ዳቦ ፈትፍተው፣ ማታም ከመርፌው በኋላ ትንሽ። ዋሽተው አልተከላከሉም፤ የሌላ ሰው ነገር እንደሚናገሩ ሁሉ ረጋ ብለው ነገሩኝ። ባለቤታቸውም ስኳር ነበረባቸው። ሐኪሞች ከልክይው ብለዋቸው ከለከሉ፣ ሰውዬው አንድ ነገር እንዳማራቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸው ቆሞ ዓይን ዓይናቸውን የሚያይ ፍጡር መመለስ አልቻሉም።

ይህን ሰምቶ የማይራራ ሰው ክፉ ነው ይባል ይሆናል። እኔ አልራራሁም። የሞተው እሳቸው ያዘኑለት ሰው ነው፤ ሊሞት የነበረው የእኔ ነው።

«የውሃውን ነገር ስነግርዎትስ ለምን ዝም አሉኝ?»

አሁን ቀና ብለው አዩኝ። «ደስ ብሎህ ነበር» አሉ።

ከዚህ ሌላ ምንም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። በድያለሁ ቢሉ፣ አንተን አይመለከትህም ቢሉ እንኳ መልስ ነበረኝ። ቁልፌን ተቀብዬ ገባሁ። ሚስቴ የሄደች ቀን ራሱ እንደዚያ ተከዳሁ ብዬ አልተቀመጥኩም፤ እሷ ቢያንስ እንደማትወደኝ ነግራኛለች።

የማታ ተማሪዎቼን ለሌላ አሰልጣኝ ሰጠሁ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ወደ ታች መለሰችው፣ ድመቱ ቤት ተዘግቶበት ዋለ፣ ስኳሩም በጥቂት ቀን ውስጥ ረጋ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ወጥቶ የእሳቸውን በር እያየ ያለቅሳል። እኔ ስገባ ዞር ብሎ አያየኝም። በቆዳው ውስጥ በየቀኑ መርፌ የማስገባ እኔ፣ ያዳንኩት እኔ፣ የሚናፈቁት እሳቸው። እሱም ከድቶኛል አልኩ፣ ከድመት ጋር ተኳርፌ ሰነበትኩ። ከእማማ ጋር እግዚአብሔር ይመስገን ብቻ ተባብለን እንተላለፋለን። አጥሚት የለ፣ ሲሊንደር የለ። ባዶ ሲሊንደራቸውን በጋሪ ሲያስጭኑ አየሁና ወደ ቤት ገባሁ።

የቅበላ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁዳዴ በማግስቱ ሊገባ፣ ግቢው ውስጥ መኪናዋን ሳጥብ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ማጠቤን አላቆምኩም። የማታ ተማሪዎቼን እንደተውኩ ሰምተዋል።

«ከነገ ጀምሮ እኔ ልውጋልህ» አሉ። «እስከ ፋሲካ ቤቴ ወተት አይገባም።»

ከፋሲካ በኋላስ አልኳቸው። ወደ መስኮቱ አዩ፤ ድመቱ እዚያ ላይ ሆኖ መስታወቱን በእግሩ ይቧጭራል። እንደ ቀድሞው እሺ ልጄ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢሉኝ ደግሞ ጀርባዬን ልሰጣቸው ቆርጬ ነበር።

«ከፋሲካ በኋላ አትመነኝ» አሉ።

እመኑኝ ብለው የከዱኝ ሰዎች አሉ። እስከ የትኛው ቀን እንደማምናቸው ለይተው የነገሩኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። አልታረቅኋቸውም። እጄን አደራርቄ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ የማታ ተማሪዎቼ እንዲመለሱልኝ ለአለቃዬ ነገርኩ፤ ከፋሲካ ዕለት ጀምሮ ግን ማታ ማታ እንደማልሠራ አብሬ አስመዘገብኩ።