የሁለት ሰው የኢድ እራት

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከጭሮ መናኸሪያ ተነሣሁ። ባለቤቴ ዘይነብ በሚኒባሱ መስኮት ትኩስ ሰምቡሳ በፌስታል አቀበለችኝ፤ አላለቀሰችም። ቦርደዴ ላይ ጎማ ፈነዳብን። እስኪቀየር ድረስ ፌስታሉን ፈትቼ ለተሳፋሪው ሁሉ አዳረስኩ፤ ለእኔ አንድ ተረፈኝ። አውሮፕላን ውስጥ ግን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «እንብላ» እንኳ ሳይል ምግቡን ጨረሰ። ወዴት እንደምሄድ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ያለሁት ኖርዌይ፣ ቤርገን ነው። የዚህ አገር ዝናብ እንደ ጭሮው ወርዶ፣ ጎርፉን ለቅቆ የሚሄድ አይደለም፤ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ነው። በፎቃችን አራት በር አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጎረቤቶቼን ስም ያወቅሁት የደብዳቤ ሣጥናቸው ላይ አንብቤ ነው።

ዘይነብ ባለፈው ወር መጣች። የመመለሻ ትኬቷን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችና «ኢድን አይቼ እወስናለሁ» አለችኝ። መቅረት ወይም መመለስ፤ ሦስተኛ የለም። ስለዚህ የኢዱን እራት እንደ ትልቅ ሥራ አቀድኩት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ፍቅር የሚገለጸው በሻማ፣ በጸጥታና በሁለት ወንበር ነው ብሎ አስረድቶኝ ነበር። ሁለት ጊዜ የተፋታ ሰው ስለሆነ ልምድ አለው ብዬ አመንኩት።

የኢድ ዕለት ማታ መብራቱን አጥፍቼ ሻማውን ለኮስኩ። ዘይነብ ትሪውን ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«አቦ፣ እዚህም መብራት ይሄዳል?»

ለፍቅር ብዬ እንዳጠፋሁት ነገርኳት። ወንበሮቹን አየች።

«ሌላው ሰውስ?»

«እኛ ብቻ ነን።»

«ምን አድርገን?»

ትሪው ላይ ለሠርግ የሚበቃ ሰምቡሳ ነበር። ለሁለት ሰው ማብሰል አታውቅም፤ ጭሮ ውስጥ የሚያውቅም አላጋጠመኝ። ሦስት ሰሐን ሞልታ የጎረቤቶቻችንን በር አንኳኳች። ከውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል፤ የከፈተ ግን የለም። ሰሐኖቹን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጣ ተመለሰች። ወዲያው አከራያችን ደወለ።

«ሦስት በር ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ትኩስ ነገር ተቀምጧል የሚል ጥቆማ ደርሶኛል።»

«ሰምቡሳ ነው። ባለቤቴ ናት ያስቀመጠችው።»

«አዝዘው ነበር?»

«አላዘዙም። ኢድ ስለሆነ ነው።»

«አስቀይማቸው ነበር?»

«ገና አላወቀቻቸውም።»

ጉዳዩን በጽሑፍ እንዳስረዳ ጠየቀኝ። አስረዳሁ፤ አንድ ገጽ ሞላ። እስከዚያ ሻማው አለቀ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ ሰሐኖች በራችን ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ታጥበው፣ ባዷቸውን። እኛ ዘንድ የጎረቤት ሰሐን ባዶውን አይመለስም፤ ቢጠፋ ቢጠፋ እፍኝ ስኳር ይደረግበታል። ዘይነብ ከአልጋው ሥር ሻንጣዋን ሳበች።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከፊት ለፊታችን ያሉት አሮጊት ናቸው። ሦስት ፖም በሰሐን አድርገው ለዘይነብ ሰጧት፤ ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉና ተመለሱ። ዘይነብ ፖሞቹን አውጥታ ሰሐኑን ገልብጣ አየችው። ሰማያዊ አበባ አለበት። የእኛ አይደለም።

ማታ እናቷ ከጭሮ ደወሉ። ረቡዕ ስንት ሰዓት እንደምትነሣ ጠየቋት።

«እማ፣ የሰው ሰሐን እጄ ላይ አለ» አለቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ለሰምቡሳ ሁለት ኪሎ ዱቄት ገዛች። በረራዋ ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ትኬቱ ማቀዝቀዣው ላይ ነው።