አበልጅ የሆንሁበት ጧት

ባለፈው ጥር ከሞጣ ሠርግ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት «አባባ፣ ሙሽራው ምንዎ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የክርስትና ልጄ ነው አልሁት። «እንደ ሥጋ ልጅ ነዋ» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ። እኔ ግን እስከ ቢቸና ድረስ አንዲት የሐምሌ ጧት ሳገላብጥ መጣሁ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ቢቸና ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ ሱሪ እሰፋለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አቤት ያኔ የነበረኝ መመጻደቅ! «ሁላችንም ከአንድ ማኅፀነ ዮርዳኖስ የተወለድን ወንድምና እህት ነን» እል ነበር። አበልጅነትንም አስተምሬያለሁ፦ ክርስትና ያነሣ ሰው ለልጁ ወላጆች የመንፈስ ዘመድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ጋብቻ የሚባል ነገር የለም። እናኑ ይህን ስናገር ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሰምታለች።

እናኑ የሞጣ ልጅ ናት። ቢቸና ያመጣት ባሏ ሹፌር ነበር፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ታሞ ሞተባት። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰዎች ተራ ገብተን እንጨትም ውኃም እናደርስላት ነበር። እኔ ተራዬ ባልሆነበት ቀንም እሄዳለሁ። ሽሮ ታቀርብልኝና «ዛሬ ጨው አበዛሁበት መሰለኝ» ትላለች፤ በዝቶ ግን አያውቅም። ወደድኋት፤ ሌላ ምን ልበል። የባሏ ሙት ዓመት ካለፈ ሽማግሌ ልልክ ቆርጬ ነበር። ለማንም ግን አልተነፈስሁም።

ወንድ ልጅ ወለደች። በአርባ ቀኑ ክርስትና የሚያነሣው የሟቹ ባልንጀራ ከሞጣ ሊመጣ ነበር። በኋላ እንደ ሰማነው መኪናው ግንደወይን ላይ ጭቃ ይዞት ቀርቷል። ክርስትና ቤቱ ውስጥ ቆመን ጠበቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል።

«የክርስትና አባቱ ማነው? ሰዓቱ ሄደ እኮ» አሉ ቄሱ።

እናኑ ዞር ብላ የቆመውን ሰው አየች። ወንዱ ብዙ ነበር። እኔ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ።

«አንተ ታነሣልኛለህ?» አለችኝ።

ተማሪዎቼ በሙሉ እኔን ያያሉ። አንዲት አሮጊት «ታዲያ ከሱ የተሻለ ማን አለ?» አሉ። እምቢ ብል ምን ብዬ? መምህሩ የሙት ሚስት ሊያገባ ፈልጎ ነው ሊባል ነው።

«እሺ» አልሁ።

ልጁን ታቀፍሁት። ስለ እሱ ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድሁ፤ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እምነቴን መሰከርሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህም ኮርቼ ነበር። ስንወጣ በኮባ የተጋገረ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝና፣ መሬት መሬት እያየች «እንግዲህ አበልጄ ሆኑ» አለችኝ።

በዓመቱ ሞጣ ወላጆቿ ዘንድ ተመለሰች፤ ሌላ ባል አላገባችም። እኔ አገባሁ፤ ሚስቴ ደግ ሰው ናት፤ ልጆችም አሉን። ለክርስትና ልጄ በየዓመቱ ልብስ ሰፍቼ እልክለት ነበር። በሆዴም «ለእግዚአብሔር ብዬ የተውሁት ነገር አለ» እያልሁ ስጽናና ኖርሁ።

ሠርጉ ላይ፣ ከዳሱ ጓሮ ብቻችንን ስንሆን፣ እናኑ ጠላ እየቀዳችልኝ ድንገት፣

«ያን ቀን እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፣ አበልጄ» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«እምቢ ቢሉኝ ለምን እንደ ሆነ ይገባኝ ነበር። የሚያነሣውማ ሌላ ሰው ሞልቶ ነበር።»

ወዲያው «የሙሽራው የክርስትና አባት ይመርቁ» ተብዬ ተጠራሁ። ሄጄ መረቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ግን ነቅዟል። ያን ጧት እሺ ያልሁት ለእግዚአብሔር ብዬ አልነበረም፤ ሰው ስላየኝ ነው። እናኑ ደግሞ እሺ ያልሁት ስላልወደድኋት መስሏት ይህን ሁሉ ዘመን ኖራለች። ልቤ ሞጣ ሂድና ንገራት ይለኛል። ምን ብዬ ልንገራት? አበልጄ ናት።