አባቴን በሥዕል ለማናገር

አባቴን ስትሮክ የመታው ቦዲቲ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መድረክ ላይ እንደቆመ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሰባኪ በአማርኛ ይሰብካል፤ አባቴ ከጎኑ ሆኖ ወደ ወላይትኛ ይመልሳል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ይህን ሲያደርግ ኖሯል። እናቴ እንደነገረችኝ ሰባኪው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ጠበቀው። አባቴ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ሕዝቡ መንፈስ የነካው መስሎት "አሜን!" አለ። እሱ ግን ቀስ እያለ ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

ከሆስፒታል በሕይወት ወጣልን። ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለው፤ አፉ ወደ ግራ ተሳበ። ከሁለቱም ቋንቋዎቹ የቀረችው ቃል አንዲት "እንግዲህ" ብቻ ሆነች። ውሃ ሲፈልግ "እንግዲህ" ይላል። ሲናደድም፣ ሲጸልይም "እንግዲህ" ነው።

እኔ ሶዶ አስተማሪ ነኝ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ቦዲቲ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ ለክትትል ሶዶ ስናመጣው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወደ ጎን ጠራችኝና፣ "የራሱን ፎቶ፣ የራሱን ቤት እያሳያችሁ ሞክሩት" አለችኝ። "ቃሉን ከሥዕሉ ጋር ደጋግሞ ሲያይ ሊመለስለት ይችላል። ቃል አልገባም፤ ግን ሞክሩ።"

ወዲያው ትዝ ያለኝ ተማሪዎቼ በስልካቸው የሚያነቡት የሥዕል ታሪክ ነበር፤ ከሰው አፍ ነጭ ፊኛ ወጥቶ ንግግሩ እዚያ ውስጥ የሚጻፍበት። አባቴን አሁን እቤቱ እንዳለ ፎቶ እያነሳሁ እንደዚያ ብሠራውስ? ራሱ ውሃ ሲጠይቅ፣ ራሱ ጎረቤት ሰላም ሲል ቢያይስ? በዚያ ሳምንት ያደረብኝ ተስፋ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል ማለት አልችልም፤ ያሳዝነኛል እንጂ።

ሶፍትዌር መምረጥ ቀላል መስሎኝ ነበር። አባቴ ወላይትኛን ማንበብ የተማረው በግዕዝ ፊደል ነው። ዛሬ ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩበት የላቲን ፊደል ለእሱ እንግዳ ነው፤ በደህናው ጊዜም ዓይኑን አጥብቦ ነበር የሚያነበው። ስለዚህ ፊደላችንን የሚቀበል ያስፈልገኝ ነበር። ኢንተርኔት ሲጠፋም መሥራት አለበት። ሥዕሉ ደግሞ ትልቅ ሆኖ መታተም አለበት።

ስልኬ ላይ የጫንኩት የመጀመሪያው አፕ ያማረ ነበር። ፎቶውን ከፋፍሎ በየሳጥኑ ያስገባል፤ ፊኛውንም እንደፈለግሁ ያንቀሳቅስልኛል። ፊኛው ውስጥ ስጽፍ ግን ፊደሎቹ ተራ በተራ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኑ። አባቴ አፉን ከፍቶ ባዶ ሳጥን ሲናገር አየሁት። ስልኩን አስቀምጬ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

ሁለተኛው ፊደሉን ተቀበለ። ግን ፎቶውን ወደ ሥዕል አይለውጥም፤ እንዳለ ይተወዋል። የተጣመመው አፍ፣ የከሳው ጉንጭ፣ ሁሉም እንዳለ አለ። ሦስተኛውን ያገኘሁት ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳና የሚያትም ባለሱቅ ዘንድ ነው። ቤተሰቡ ከስልጤ የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እናቴ የአባቴን መድኃኒት ልትወስድ ሶዶ መጥታ ስለነበር አብራኝ ገባች።

ባለሱቁ አንዱን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። ሶፍትዌሩ ትንሽ አሰበና አባቴን በእርሳስ የተሳለ አድርጎ አወጣው። ከጀርባው ያለው እንሰት እንኳ ቅጠሉ በመስመር በመስመር ተስሏል።

"መምህር፣ አፋቸውን አስተካከለላቸው እኮ" አለኝ ባለሱቁ።

እውነቱን ነው። አፉ ቀጥ ብሏል። የወረደው ጉንጭ ተነስቷል።

"ለምን እንዲህ አደረገ?"

"ፊት ሲያይ ግራና ቀኙን እኩል ማድረግ ይወዳል። ተወው ብለው ቢያዙት አይሰማም፤ ሞክሬዋለሁ።"

እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። በሻርፗ አፏን ሸፈነች። "እሱ ነው" አለች። "ልጄ፣ ይሄ ይበቃል። ሌላ አትፈልጊ።"

ሌላ አልፈለግሁም።

ገጾቹን ስሠራ ከባዱ ነገር ፊኛዎቹን መሙላት ነበር። "ውሃ ስጡኝ" ቀላል ነው። ቦዬ የሚባለውን የአገራችንን ሥራሥር በሚያቃጥለው ዳጣ ሲበላ "ዳጣውን ወዲህ አቅርቢ" እንደሚል አውቃለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን እንደ ልማዱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። አሁን ይህን ይል ይሆን? ከደረሰበት በኋላ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። ሌላ የምጽፈው ስላላገኘሁ እንዳለ ተውኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የመጀመሪያውን ገጽ ጉልበቱ ላይ አደረግሁለት። ዓይኑ በራ። ደስ ያለው መሰለኝና እናቴን በዓይኔ ጠራኋት። ከዚያ ግራ እጁን አንስቶ ሥዕሉ ላይ ያለውን አፍ ነካ። ያንኑ እጅ ወደ ራሱ አፍ ወሰደ። የተሳበውን ጎን ዳሰሰ፤ እንደገና ሥዕሉን ነካ፤ እንደገና ራሱን ዳሰሰ።

ወደ ቤቱ ውስጥ ዞሮ ግድግዳው ላይ ባዶውን ወደ ቀረው ምስማር ጠቆመ። መስታወቱ የሚሰቀልበት ነበር። ከሆስፒታል ሲመለስ እናቴ አንስታ ደብቃዋለች፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

"እንግዲህ" አለ።

"ምን ያደርግልሃል? ተወው" አለችው እናቴ።

"እንግዲህ!" ድምፁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ከአልጋ ሥር አውጥታ አመጣችለት። መስታወቱን በግራ እጁ ይዞ ራሱን አየ። ሥዕሉን አየ። ከዚያ ገጹን ገልብጦ በፊቱ ደፋው። እናቴ ወደ ጓሮ ወጣች። ሌላ ሰው ሥሎ የሰጠው መስሎት እንደሆነ፣ ወይም እኛ የምንፈልገው ይህን ሰው እንጂ እሱን አይደለም ብሎ እንዳሰበ፣ መጠየቅ አይቻልም፤ ቢጠየቅም መልሱ ያው ነው።

ወደ ሁለተኛው አፕ ተመለስኩ፤ ፎቶውን እንዳለ ወደሚተወው። ታሪኩን በእውነተኛ ፊቱ አዲስ ሠራሁት፤ ባለሱቁ በወፍራም ወረቀት አተመልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳሳየው አልገፋውም። ረጋ ብሎ ተመለከተ። ፎቶው ላይ እናቴን አየ፣ ጓሮውን አየ። ከዚያ አውራ ጣቱን ነጩ ፊኛ ላይ አድርጎ ጽሑፉን ሸፈነው።

ገጽ ገለጥኩለት። ያንንም ሸፈነ።

"አባባ፣ አንብበው። 'ውሃ' ነው የሚለው። በል እስቲ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ያየሁት አለማወቅ አልነበረም። ጽሑፉን አንብቦታል። እኔ በእሱ ፈንታ የጻፍኩትን ንግግር ነው ያልፈለገው። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ፊኛዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ሸፈነ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱን ቶሎ አላነሳም።

ፊኛ የሌለበትም ሠራሁ። አንድ ጊዜ አይቶ ተወው። ከዚያ በኋላ ላፕቶፔን ከቦርሳዬ ሳወጣ ካየ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ለባለሙያዋ ልነግራት ስሄድ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ቆየችኝ፤ በቦታዋ የተተካ ሰው አልነበረም።

ክረምቱ አለፈ። አባቴ አልተናገረም። በቤተ ክርስቲያን ሌላ ሰው ያስተረጉማል፤ እሱ እሑድ ጠዋት ልብሱን ልናለብሰው ስንል እጁን ያጠብቃል። የሚጠይቁት ሰዎች መጀመሪያ ብዙ ነበሩ። ዝም ካለ ሰው ጋር መቀመጥ ይከብዳቸዋል መሰለኝ፣ አሁን ከበር ላይ ሰላም ብለው ያልፋሉ።

አሁንም በየሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ግራ እጁን እይዛለሁ። መጀመሪያ ላይ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ አወራለት ነበር። አንድ ቀን ወሬዬ መሃል እንባው ሲወርድ አየሁና ከዚያ ወዲህ እኔም ብዙ አላወራም።

ስልኬ በፎቶው ተሞልቷል፤ ለዚያ ሥራ ይሆናል ብዬ ከየዘመዱ የሰበሰብኩት፣ ከመታመሙ በፊት የተነሳው። ሲስቅ፣ ሰው ሲያቅፍ፣ መድረክ ላይ እጁን ዘርግቶ ሲናገር። ድምፁን ግን ማንም አልቀዳውም። ዘመዶቼን ሁሉ ጠየቅሁ፤ አንዱ ጋ እንኳ የለም።