የሕፃኗን ወገብ የያዘው እጅ

ነገሌ የገባሁት እናታችን በሞተችበት ዓመት ነው። ከዲላ ተነስቼ፣ በእህል ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አቧራ ስጠጣ ውዬ ታላቅ እህቴ ዘንድ ደረስኩ። እህቴ የወታደር ሚስት ነበረች። ከጎንደርም ከወለጋም ከሐረርም የመጡ ቤተሰቦች ተጠጋግተው በሚኖሩበት፣ በጦር ሰፈሩ አጠገብ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረቻት። እኔ ያኔ ለትዳር የደረስኩ ልጃገረድ ነኝ፤ አጥንቴ ትልቅ፣ እጄ ሰፊ። እሷ ግን ቀጭን ነበረች፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች።

ባሏ አስር አለቃ ነው። የጎጃም ሰው፣ ዝምተኛ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ የሆነውን የሰማ ሁሉ ከመጀመሪያውም አውሬ እንደነበረ አድርጎ ያወራል። እህቴ ስታረግዝ ውሃ እየቀዳ በትከሻው ያመጣላት ነበር። ጓደኞቹ ሲሳለቁበት ፈገግ ብሎ ያልፋል። እኔንም እንደ እህቱ ነበር የሚያየኝ።

እህቴ ከመውለዷ በፊት ወደ ሞያሌ አዛወሩት። ሲሄድ አሮጌ ካፖርቱን ግድግዳው ላይ ትቶልን ሄደ።

«ለሞያሌ ቆላ ምን ያደርግልኛል?» አለ። «ሲበርዳችሁ ልበሱት።»

ልጅቷ የተወለደችው እሱ በሌለበት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሞያሌ ለፈቃድ የመጣ ወታደር በራችን ላይ ቆሞ መልእክት ነገረን፤ «የልጄን መልክ ልየው፤ ፎቶ አስነስታችሁ ላኩልኝ ብሏል።» እህቴ በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች።

ፎቶ አንሺው ከሌላ አገር መጥቶ ገበያው ጥግ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ነበር። ከግድግዳው ላይ ሐይቅና ነጭ ቤት የተሳለበት ትልቅ ሸራ ሰቅሏል። ሐይቅ አይቶ የማያውቅ የነገሌ ሰው ሁሉ እዚያ ሐይቅ ዳር ቆሞ ይነሳ ነበር። ሐምሌ ነው፤ የነገሌ የሐምሌ ጠዋት ይበርዳል፤ እኔ ያንን ካፖርት ደርቤ ነበር የሄድኩት።

ሕፃኗ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ወደ ጎን እየዘመመች አስቸገረች። ፎቶ አንሺው አንዴ አስተካከላት፣ ደግሞ አስተካከላት፣ በመጨረሻ ወንበሩን ጨርቅ አለበሰና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ፣ ከኋላ ተንበርከኪ። እጅሽን በጨርቁ ሥር አሹልከሽ ወገቧን ያዣት። አይዞሽ፣ አትታዪም።»

ተንበርክኬ ያዝኳት። እህቴ ከጎን ቆመች። ሰውየው የካሜራውን ማንሻ ገመድ እንደያዘ ልጅቷ እንድታይለት ወደ አንድ ጎን ፈንጠር ብሎ እንደ ፍየል ጮኸ። እህቴ ወደ እሱ ዞር ብላ ፈገግ አለች። በዚያው ቅጽበት አነሳን።

ፎቶው ሲታጠብ ጨርቁ ተንሸራቶ ኖሮ እጄ ወጥቷል። አምስቱም ጣቶች በሕፃኗ ሆድ ላይ ተዘርግተው፣ ከኋላቸው የካፖርቱ እጅጌ ከነቁልፉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጅቷ ተንቀሳቅሳ ስለነበር እጁ ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፤ ከእኔ እጅም የሚበልጥ ይመስላል። ከዚያ በላይ የእኔ የሆነ ነገር አይታይም።

እህቴ አይታ በሳቅ ፈረሰች። «እዪ፣ አንቺም ሞያሌ ልትሄጂልኝ ነው! ካፖርቱን ሲያይ እንዴት እንደሚስቅ!»

ወደ ሞያሌ የሚሄድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ነበርና ሮጠን ደረስንበት። እህቴ ፎቶውን በወረቀት ጠቅልላ ለሾፌሩ ሰጠችው። «እጁ የእህቴ ነው፣ ካፖርቱም የራስህ ነው ብላሃለች በልልኝ» አለችው። ሾፌሩ «እሺ፣ እሺ» እያለ መሪውን ጠመዘዘ። በኋላ ስጠይቀው ፎቶውን ለጦር ሰፈሩ በር ጠባቂ ሰጥቶ ጭነቱን ሊያራግፍ እንደሄደ ነገረኝ። «ምን ነበር ያላችሁኝ?» ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ።

በዚያ ሰሞን እህቴን ወባ ጣላት፤ ጡቷም ደረቀ። ልጅቷን ያዳነቻት በየማለዳው ወተት የምታመጣልን አንዲት የቦረና ሴት ናት። አዴ እንላታለን፤ በቋንቋቸው ለሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከብቶቻቸው ከከተማው ዳር ናቸው፤ ባሏ ሽማግሌ ሆኖ በብርድ ከብት የሚጠብቅ ሰው ነው። እህቴ የምንሰጣት ነገር ስታጣ ካፖርቱን ከግድግዳው አውርዳ፣ «አዴ፣ ለሽማግሌው ስጪልኝ» አለቻት። አዴ አልቀበልም ብላ ብዙ ከተግደረደረች በኋላ ወሰደችው።

ሞያሌ የሆነውን የሰማሁት ቆይቶ፣ ከእህቴ ባል ጋር አንድ ቤት ያድር ከነበረ ወታደር ነው። ፎቶው እንደደረሰ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መጀመሪያ ሁሉም ሕፃኗን አደነቁ፤ «አንተን ቁርጥ!» አሉት። ከዚያ አንዱ ጣቱን ጠቁሞ፣ «ይሄ እጅ የማን ነው?» አለ። ሌላው ቀረብ አድርጎ አየና፣ «እጅጌው የኛ ነው፤ የወታደር ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ የእህቴን ዓይን ተመለከተ። «ለምን ወደ ካሜራው አላየችም? የምትስቅለት ሰው በዚያ በኩል አለ ማለት ነው።»

«እየቀለድን ነበር» አለኝ ወታደሩ። «በረሃ ላይ ምን ሥራ አለ? በነጋ በጠባ እሱን አምጣ እንለዋለን፤ ሁልጊዜም አዲስ ነገር እናገኝበታለን።»

አንድ ቀን የጣቶቹን አዘረጋግ አይተው፣ እንዲህ አድርጎ ልጅ የሚይዝ አባት ብቻ ነው አሉ። ሌላ ቀን ሰውየው ለምን እንደተደበቀ ተከራከሩ። በመጨረሻ ስም አወጡለት፦ ነገሌ የቀረው የዕቃ ግምጃ ቤት ሃምሳ አለቃ ነው አሉ። ይህ ሃምሳ አለቃ ቤታችንን ረግጦት አያውቅም። ስሙ የተነሳው እጁ ትልቅ ስለሆነና ካፖርት የሚያድለው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው።

የእህቴ ባል ፎቶውን የደረት ኪሱ ውስጥ ከቶ ይዞት ይዞር ነበር። ወታደሮቹ ቀልዱን ረስተው ሌላ ወሬ ሲጀምሩ፣ እሱ ራሱ እያወጣ፣ «እስቲ በደንብ እዩት» ይላቸው ጀመር።

ፈቃድ ያገኘው በበጋው ነው። እኩለ ቀን ላይ አቧራ ለብሶ በራችን ላይ ቆመ። እህቴ ሕፃኗን ይዛ ሮጠችለት። አልተቀበላትም። ከኪሱ ፎቶውን አወጣ፤ ጠርዙ በላብ ተበልቶ ነበር።

«ይሄ ማን ነው?» አለ።

እህቴ ገና የመምጣቱ ደስታ ስላለቀቃት ሳቀች። እንደ ልማዷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ያ ሳቅ ባይኖር ኖሮ እያልኩ ብዙ ዓመት አስቤያለሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «የኔ እጅ ነው።»

«አምጪው።»

እጄን ከፎቶው አጠገብ ዘረጋሁ። እሱ አንዴ እጄን፣ አንዴ ፎቶውን አየ። እኔም አየሁ። እውነቱን ለመናገር አይመሳሰሉም ነበር። የፎቶው እጅ ጥቁር፣ ያበጠ፣ የጎልማሳ እጅ ይመስላል። የእህቴም ዓይን ወደ ጎን የሚያየው ነገር አስፈራኝ። ስለ ፍየሉ ጩኸት አውቃለሁ፤ እዚያው ነበርኩ፤ ግን ለአንድ አፍታ እነሱ ያዩትን አየሁ።

«ካፖርቱ ያንተ ነው እኮ» አለች እህቴ፣ አሁን ሳቁ ጠፍቶባት። «ያንተው ካፖርት ነው የለበሰችው።»

ወደ ግድግዳው ዞረ። ምስማሩ ባዶ ነው። «የታለ?»

«ለአዴ ሰጠናት። ለባሏ።»

«ካፖርቴን ለከብት ጠባቂ?» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። ከፍ ቢል ይሻል ነበር።

እኔ እየለመንኩ ወደ ፎቶ አንሺው ወሰድኩት። ሰውየው እጁን በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት አርሶ ሥራ ላይ ነበር። መለዮ ለባሽ በሩን ሞልቶ ሲቆም ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይህን ሲያነሱ ከወንበሩ ኋላ የነበረው ማን ነው?» አለው የእህቴ ባል።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም እንዴ? ተንበርከኪ ያሉኝ እርስዎ ነዎት!» አልኩ።

ፎቶ አንሺው እኔን አላየኝም። ፎቶውን አገላበጠ። «የኔ ሥራ ነው» አለ። «ግን ስንት ሰው ነው የማነሳው? ማን እንደነበረ እንዴት አስታውሳለሁ?» ያስታውሳል። ከዓይኑ አይቻለሁ። በወታደር ጠብ ውስጥ መግባት ስለፈራ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ የሚሆነውን አላውቅም፤ ምናልባት እሱም ተባባሪ ተብሎ ይቀር ነበር።

ወደ ቤት እንደተመለስን አዴ ወሬው ደርሷት ካፖርቱን በክንዷ ይዛ መጣች። «ናጋ?» ብላ በሩ ላይ ቆማ እንደ ልማዷ ሰላም አለችን። ካፖርቱን ከእህቴ ባል እግር ሥር አኖረች።

«ልጄ፣ ይሄ ያንተ ነው። የሚስትህ እህት ለብሳው አይቻለሁ። ብዙ ቀን ለብሳው አይቻለሁ። ሚስትህ ታማ ነበር፣ ወተት የለም ነበር። ዋቃ ያያል፣ ውሸት የለም።»

እሱ ካፖርቱን አንስቶ እጅጌውን ከፎቶው ጋር አስተያየ። አንድ ነው፤ ቁልፉም አንድ ነው። እኔ አሁን ያምናል ብዬ ተነፈስኩ። እሱ ግን፣ «ስለዚህ የኔን ካፖርት አልብሳው ነው ያስነሳችው» አለ። ያኔ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። የምናመጣለት ማስረጃ ሁሉ እዚያው ታሪክ ውስጥ ቦታ ያገኛል። ታሪኩ ወራት ሙሉ አብሮት ኖሯል፤ የኛ ቃል ግን ገና የዚያን ቀን መጣ።

እህቴን መታት። እኔና አዴ ብንይዘው ጣጥሎን መታት። ከዚያ ወጥቶ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደ። ሃምሳ አለቃው ብርድ ልብስ ሲቆጥር ነበር አሉ። ከሞያሌ የመጣውን ጓዱን አይቶ፣ «እንኳን ደህና መጣህ!» ብሎ እጁን ዘረጋለት። በሳንጃ የወጋው ያንን እጅ ነው፤ ከዚያ ትከሻውን። ሰዎች ደርሰው ባይዙት ይገድለው ነበር።

ጦር ፍርድ ቤት ረጅም እስራት ፈረደበት። ፎቶው መዝገብ ላይ ተያይዞ ቀረ። እኔ ስመሰክር አንድ መኮንን አንስቶ እያየ፣ «አንቺ ለእህትሽ ብለሽ ነው» አለኝ በርኅራኄ፤ እጅሽን አሳዪ እንኳ አላለኝም።

የእህቴ የግራ ጆሮ ከዚያ ወዲህ አልሰማም። ከጦር ሰፈሩ ቤትም አስወጡን። አዴ ከግቢዋ ጥግ ጎጆ ሰጠችን፤ እህቴ ቅቤና ወተት ከእሷ እየተረከበች ገበያ ትቀመጥ ጀመር። ፎቶውን አይተው የማያውቁ ሰዎች ግን ከተማውን ሁሉ እየዞሩ ያወሩት ነበር። አንዳንዱ ሰውየው ፊቱ በግማሽ ይታያል ይላል። አንዲት ሴት ሰውየው እህቴን ሲስማት የሚያሳይ ነው ብላ ለእኔው ነገረችኝ፤ ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። «አይተሽዋል?» ብላት፣ «ያየ ነው የነገረኝ» አለችኝ።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ወሬው እዚያ ቀድሟት ደርሶ ነበር። አንድ ቀን እያለቀሰች መጥታ ጠየቀችኝ። እናቷ ገበያ ነበረች። ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፦ ካፖርቱን፣ ጨርቁን፣ የፍየሉን ጩኸት፣ ሾፌሩን። ከዚያ እጄን ይዛ ብዙ ገለባበጠችው። ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ግን ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ጋር ገበያ መቀመጥ ተወች።

ዝናብ በጠፋበት፣ ከብቱ በየመንገዱ በወደቀበት ዓመት እህቴ ሳል ጀመራት። የሚሸጥ ወተትም አልነበረም። አልቆየችም። ስንቀብራት የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ አዴ፣ ሽማግሌው፣ ጥቂት የሰፈር ሴቶች። አፈሩ ሲመለስ አንድ ክንዱ የማይታጠፍ ሰው ከሩቅ ቆሞ አየሁ። ሃምሳ አለቃው ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ነበር።

ሄጄ፣ «ለምን መጡ?» አልኩት።

«በሕይወቷ ሳለች ጤና ይስጥልኝ እንኳ ተባብለን አናውቅም» አለ። «እኔም እሷም ባላወቅነው ነገር ነው እንዲህ የሆንነው። ቢያንስ አፈር ላልብሳት ብዬ ነው።»

በደኅና ክንዱ አፈር ዘግኖ ጣለ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየሁ። አንዷ ራሷን ነቀነቀች፣ ሌላዋ በክርኗ ጎሸመቻት። ወደ ከተማው ስንመለስ ከኋላዬ ሹክሹክታው ተጀምሮ ነበር። ልጅቷ ሰምታ ከእኔ ቀድማ መራመድ ጀመረች።

በሳምንቱ ልጅቷን ይዤ ወደ ዲላ ተሳፈርኩ። አዴ ለመንገድ ቅቤ ጠቅልላ ሰጠችን፤ ልጅቷን ሳመች፣ እኔንም ሳመች። ከነገሌ የወሰድነው ያንን ቅቤና አንድ ብርድ ልብስ ነው።