እማማ ዘምዘም ያልነኩት ቫዝሊን

ደባርቅ ውስጥ በነርስነት ሥራ የጀመርኩት በኅዳር ነው። ጠዋት ስገባ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም ነበር። የተመላላሽ ሕክምና ኃላፊው አቶ በሪሁን የቆዳ ሕሙማን ወደሚታዩበት ክፍል ወሰዱኝና አንድ ካርቶን ቫዝሊን አሳዩኝ።

«ይህን ማደል ማንም ይችላል» አሉኝ። «ያንቺ ሥራ ማስቀባት ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። በሳምንቱ ቫዝሊን ሰጥቼው የነበረ አንድ በሊማሊሞ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ቅልጥሙ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተሰነጣጥቆ ተመልሶ መጣ።

«ቫዝሊኑስ?» አልኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር! የመኪናዬን ባትሪ ጫፍ ቀባሁት። ዝገት የሚባል ጠፋ!»

እልህ ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛውን ሁሉ እፊቴ አስቀባው ጀመር። ታጥቦ፣ ውሃውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ ቆዳው ሳይደርቅ።

የእማማ ዘምዘም ነገር ግን አቃተኝ። ገበያው ውስጥ በርበሬ ይሸጣሉ። ብርዱ በገባ ቁጥር እጃቸው ደም እስኪወጣው ይሰነጠቃል። በዚያ እጅ በርበሬ መስፈር ምን እንደሆነ አስቡት! ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አንድ ጣታቸው መግል ይዟል።

«ቤትዎም ይቀባሉ?»

«እቀባለሁ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ጣታቸውን አጥቤ መድኃኒት ሰጠኋቸውና በማግስቱ የቫዝሊኑን ዕቃ ይዘው እንዲመጡ አዘዝኩ። አመጡት። ስከፍተው ጣት አልነካውም!

«በቃ ንግዱን ልተወው ነው ልጄ» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ልቆጣ ብዬ ተውኩት። «እማማ፣ ምኑ አስፈራዎት?»

 «ቅባቱ ውሃውን ከቆዳዬ ከከለከለ ውዱኤ፣ ከሶላት በፊት የምታጠበው፣ ይበላሻል። ውዱእ ከሌለ ሶላቴስ?»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለካ መጠየቅ የነበረብኝን አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ተያይዘን ገበያው አጠገብ ወደሚኖሩት ወደ ሼህ ኢድሪስ ሄድን። ሼሁ ቫዝሊኑን በገዛ እጃቸው ጀርባ ላይ ስስ አድርገው ቀቡና በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈሰሱበት።

«ዘምዘም፣ ደርቆ የሚጋገር ሽፋን ነው የሚያግደው። ይህ ቅባት ነው፤ ውሃው ያልፋል። ሳሳ አድርገሽ ተቀቢ።»

እማማ ፊታቸው በራ። እኔም በድንገት አንድ ነገር መጣልኝ።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው ለሶላት የሚታጠቡት?»

«አምስት ጊዜ ነዋ!»

ልዘል ምንም አልቀረኝ። ሌላውን በሽተኛ በቀን ሁለቴ ተቀባ እያልኩ እየለመንኩ እኖራለሁ፤ እኚህ ሴት አምስቴ ይታጠባሉ! «እንግዲያው ሁልጊዜ ከውዱእ በኋላ፣ እጅዎ እርጥብ ሳለ!» አልኳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለ ቀጠሮ መጡ። ገና ከበሩ እጃቸውን ዘረጉ። ስንጥቁ ገጥሟል። ከዘንቢላቸው የተፈጨ በርበሬ ዘግነው ጭብጥ አደረጉና «አላቃጠለኝም! ሲስተር፣ አላቃጠለኝም!» እያሉ ሳቁ። ጩኸቱን ሰምተው የወጡት አቶ በሪሁን ማስነጠስ ጀመሩ። እኔ ግን እማማን አቅፌ አለቀስኩ።

አሁን የማይቀባ በሽተኛ ሲገጥመኝ አልቆጣም። መጀመሪያ ለምን እንደማይቀባ እጠይቃለሁ። ከዚያ ቅባቱን በየቀኑ ከማይተወው ነገር ጋር አያይዝለታለሁ። አብዛኛው ይቀባል።