ለእንግዶቹ የታጨደው ቄጤማ

ደባርቅ ውስጥ የስብሰባ አዳራሽ ኃላፊ ሆኜ ብዙ ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ የምጸጸተው ግን በአንዱ ነው። ያ ወረቀት የመጣው ውቅያኖስ ዳር ካለች ሞቃት የውጭ ከተማ ነው። ተራው የደረሰንን የሦስት ቀን የተፈጥሮ ጥበቃ ስብሰባ ከእኛ በፊት ያስተናገደችው እሷ ነበረች። አዳራሿ ለአካባቢ ጥበቃ የገባውን ቃል ላኩልን፤ እኛም የከተማዋን ስም አውጥተን ደባርቅ ብለን ጻፍንበት። የአየር ማቀዝቀዣ አጠቃቀማችንን እንደምንቀንስ ሳይቀር ቃል ገባን፤ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጋቢ ደርበን የምንውል ሰዎች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

አንዱ አንቀጽ ግን አላሳቀኝም፤ ደስ አሰኘኝ። የፕላስቲክ ምንጣፍ ቀርቶ ወለሉ አካባቢው ባፈራው ነገር ይሸፈን ይላል። ይሄማ የእኛ ነው አልኩ። ለክብር እንግዳ ቄጤማ መጎዝጎዝ ማን ያስተምረናል? የጠወለገ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ ለሦስቱም ቀን ጠዋት ጠዋት ትኩስ እንዲታጨድ አዘዝኩ። ወሩ መጋቢት ነበር። በመጋቢት ለምለም ቄጤማ የሚገኘው ከሰፈራችን ምንጭ ራስ ላይ ብቻ ነው።

ምንጩን የሚጠብቁት ጎረቤቴ እማሆይ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ከብት ሲጠጋ ግን በመቋሚያቸው ያባርራሉ። በመጀመሪያው ቀን ማጭድ የያዙ ሠራተኞቼን አይተው አዳራሹ ድረስ መጡ።

«ስሚኝ ልጄ፣ የምንጭ ራስ አይላጭም» አሉኝ።

«እማሆይ፣ ሣር አይደል፣ መልሶ ይበቅላል። አንቱ ደግሞ ለእንግዳ ይሰስታሉ?»

«ለእንግዳ አልሰሰትኩም። ባለቤቱስ ምን ሊጠጣ ነው?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በሁለተኛው ቀን ማጭድ የሚይዘው ቄጤማ አለቀና ሠራተኞቹ ከነሥሩ ይነቅሉት ጀመር። ሲመሻሽ በዚያ ሳልፍ እንቁራሪቶቹ ዝም ብለዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ሰዓት ዝም ብለው አላውቅም። ነገ ይቅር ማለት እችል ነበር፤ ግን የመዝጊያው ቀን ነበርና በባዶ ወለል ስሜ እንዳይነሳ ፈራሁ።

በመዝጊያው እንግዶቹ የቄጤማውን ሽታ አደነቁ፤ ቃሉን ጠብቋል ተብሎ ለአዳራሹ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። እኔም መድረኩ ላይ እንደ ጅብራ ተገትሬ ፎቶ ተነሣሁ።

ከዚያ የተላጨው ምንጭ ራስ ላይ ከብቱ ገባ። እማሆይ ብቻቸውን አልቻሉትም። የተገለጠው ረግረግ ተረገጠ፣ ፀሐይ መታው፣ ተሰነጣጠቀ። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ ቄጤማው ግን ዳር ዳሩን ጥቂት አቆጥቁጦ ቀረ። የምስክር ወረቀቱ እስከ ዛሬ አዳራሹ በር ላይ ተሰቅሏል። እኔ በጓሮ በር መግባት ለምጃለሁ።

እማሆይ ጀሪካናቸው እስኪሞላ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ድሮ አንዱን ሳይጨርሱ ይሞላ ነበር። ይኸው መጋቢት ተመልሶ መጣ፤ ባለፈው ሰኞ ወረፋ ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ። አቡነ ዘበሰማያቱን ጨርሰው የሰኞውን ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። ቀስ ብለው ደገሙ፣ ጨረሱ። ጀሪካኑ ገና ግማሽ አልደረሰም። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ሁሉ ያንን የክር ያህል ውኃ ያያሉ።

እማሆይ ዞር ብለው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«እኔ የማውቀውን ጨረስኩ፤ እስቲ አንቺ የምታውቂውን ጀምሪ» አሉኝ።